የእግር ኳስ ቡድናችንና የአሠልጣኞቹ ነገር

ፍሬ ያጣ ዛፍ ያጋጠመው ባለ ርስት ሁለት ነገር ለማድረግ ይችላል። አንደኛው ዛፉን ቈርጦ በስፍራው ሌላ መትከል ነው፤ ሁለተኛው አስቀድሞ ሥሩን ቈፍሮ አፈሩንና ውሃውን መመርመር ነው። የመጀመሪያው ሥራ ለዓይን ፈጥኖ የሚታይ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ሁለተኛው ግን ድካም ያለበትና ምስጋናው የሚዘገይ ስለ ሆነ የሚመርጠው ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ጉዳይ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ የተያዘው በመጀመሪያው መንገድ ነው። ቈረጥን፤ ተከልን፤ ደግሞም ቈረጥን። ፍሬው ግን እንደ ተመኘነው አልመጣም።

ቡድኑ በተሸነፈ ቍጥር የሚሰማው የሕዝብ ቅሬታ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በከተማችን በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቦሌ ቡልቡላ ሠፈር፣ ጨዋታ ባለበት ቀን በየቡና ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት የሚሰበሰበው ወጣትና ሽማግሌ ጨዋታው ሲያልቅ የሚናገረው ቃል ከሞላ ጐደል አንድ ነው፤ ይኸውም አሠልጣኙ ይነሣ የሚል ነው። እገሌን ስለ ምን አሰለፈ፤ እገሌን ስለ ምን በወንበር አስቀረ፤ ቡድኑስ ከዕረፍት በኋላ ስለ ምን ይደክማል እያለ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የወለደው የአገር ፍቅር እንጂ ክፋት ስላልሆነ ሊናቅ አይገባውም። ሰው ለማይወደው ነገር አይቈጣም፤ ዝም ብሎ ያልፋል እንጂ። ስለዚህ ሊያስፈራን የሚገባው የሚቈጣው ተመልካች አይደለም፤ ተስፋ ቈርጦ ፊቱን ወደ እንግሊዝ አገር ቡድኖች ፈጽሞ ያዞረው ተመልካች ነው። የዚህ ዓይነቱ ሰው ቍጥር እየበዛ መሄዱን ለማወቅ በየመንገዱ የሚያልፉትን ልጆች መለያ መመልከት ይበቃል።

የሕዝቡ ፍቅር ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ለነገሩ መሠረት ይሆናል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን የተመሠረተው ጠላት አገራችንን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቡድን ተጫውተው ያደጉት ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ ጊዜ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆኑ። ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የአፍሪካን የእግር ኳስ ማኅበር በ1949 ዓ.ም. ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ናት። በዚያው ዓመት በካርቱም በተደረገው በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥር ወር 1954 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ስታዲዮም ያንኑ ባላጋራ ገጥመን በመደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 ከተለያየን በኋላ በተጨመረው ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን፤ የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ የእግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የ4 ለ 0 ሽንፈት ወደ ዋንጫ የተለወጠው ሥራውን የጀመሩት ሰዎች ከሥራው ሳይለዩ ዓመታት ስለ ደከሙበት መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ የቅርቡን ዘመን እንመልከት። ቡድናችን ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቆ ኖረ። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት በሱዳን ምድር 5 ለ 3 ተሸንፎ ከተመለሰ በኋላ፣ በጥቅምት ወር 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸንፎ በባዕድ ሜዳ ባገባቸው ግቦች ብልጫ አለፈ። የዚያን ዕለት ከተማው በሙሉ በእልልታ አደረ። በደቡብ አፍሪካ በተደረገው ውድድር ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እስከ መጨረሻው ዙር ደረሰ፤ በኅዳር 2006 ዓ.ም. በናይጄሪያ ተሸንፎ ከብራዚል ቀረ። ከጥቂት ወራት በኋላም፣ በአገር ውስጥ ተጫዋቾች የአፍሪካ ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ግብ ሳያገባ በመሸነፉ፣ አሠልጣኙ ተሰናበቱ። ሆሣዕና ብሎ የተቀበለው ሕዝብ ድምፁን ለመለወጥ ምን ያህል አጭር ጊዜ እንደሚበቃው ካህናት ከማንም ይበልጥ ያውቁታል።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በቅደም ተከተል እንቍጠረው። ከፖርቱጋል ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ ዓመት ያህል ቈይተው ሄዱ። ዮሐንስ ሳህሌ ተተኩ፤ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በአልጄሪያ 7 ለ 1 ከተሸነፍን በኋላ ብዙም ሳይቈዩ ተነሡ። ገብረ መድኅን ኃይሌ መጡ፤ አሸናፊ በቀለ መጡ፤ አብርሃም መብራቱ መጡ፤ ውበቱ አባተ መጡ፤ ገብረ መድኅን ኃይሌ ዳግመኛ ተጠሩ፤ መሳይ ተፈሪ ተከተሉ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ከሰባት የማያንሱ ሰዎች በአንድ ወንበር ላይ ተፈራረቁ። ከነዚህ ሰዎች ሁሉ ሥራውን የሚያውቅ አንድ ስንኳ አልነበረም ብሎ ማመን ይቻላልን?

አይቻልም። ማስረጃውም ከእጃችን ነው። አብርሃም መብራቱ ወደ አገራቸው ቡድን ከመጠራታቸው በፊት፣ በጦርነት የምትናጠውን የየመንን ብሔራዊ ቡድን ይዘው በ2010 ዓ.ም. ለእስያ ዋንጫ አብቅተዋል። ገብረ መድኅን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርን፣ በማግሥቱ ዓመት መቀሌ ሰባ እንደርታን የፕሪሚየር ሊግ ባለ ዋንጫ አድርገዋል፤ ሁለት ልዩ ልዩ ቡድኖችን በሁለት ተከታታይ ዓመት ለዋንጫ ያበቃ ሰው ሥራውን አያውቅም ለማለት ያስቸግራል። አንድ ሰው በአንድ ቤት ሲሠራ ብልህ ሆኖ፣ በሌላ ቤት ሲገባ ሰነፍ ከሆነ፣ የሁለተኛውን ቤት ምሰሶ መመርመር የአስተዋይ ሰው ተግባር ነው።

ይልቁንም የአብርሃም መብራቱና የውበቱ አባተ ዘመን ብዙ ያስተምራል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በባሕር ዳር በአብርሃም መብራቱ መሪነት ኮት ዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፍን። በወረርሽኙ ዘመን ጨዋታ ተቋርጦ ሳለ የእርሳቸው ጊዜ አበቃ። ውበቱ አባተ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተተክተው የተጀመረውን ማጣሪያ ፈጸሙ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወርም ቡድኑ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። አንዱ የዘራውን ሌላው አጨደ። በካሜሩን በተደረገው ውድድር በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፈን ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ተለያየን፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግን ግብፅን 2 ለ 0 ረታን። በ2015 ዓ.ም. አሠልጣኝ ውበቱም ተሰናበቱ። ጥሩ ጅማሬ በታየ ቍጥር የጀመረው እጅ ይነሣል፤ አዲሱ እጅ ደግሞ ከ«ሀ» ይጀምራል።

የአብነት ትምህርት ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢያችን ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። ልጅ ፊደል ሳይቈጥር ዳዊት አይደግምም፤ ዳዊት ሳይደግም ወደ ዜማና ወደ ቅኔ አይገባም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪም በየሦስት ወሩ መምህር ቢለወጥበትና አዲሱ መምህር ሁሉ የቀደመውን መንገድ እያፈረሰ ሌላ ቢያሳየው፣ ዕድሜውን በደጀ ሰላም ይፈጃል እንጂ ባለ ቅኔ አይሆንም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ፊደል ያልቈጠረውን ልጅ በሃያ ዓመቱ ቅኔ ቤት አስገብቶ፣ በበዓሉ ቀን ስለ ምን አልተቀኘም ብሎ የቅኔውን መምህር መውቀስ ነው። የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የመጨረሻው ጉባኤ መምህር ነው። ተጫዋቹ ከመጣለት በኋላ በዓመት በጥቂት ሳምንት ብቻ ያገኘዋል፤ ኳስን መቈጣጠር፣ ሩጫን መጠበቅ፣ ሰውነትን ማጠንከር ከልጅነት ካልተማረ በዚያች አጭር ጊዜ ማንም ሊያስተምረው አይችልም።

እዚህ ላይ የሚቀርብ ክርክር አለ፤ እርሱንም ሳንመልስ ልናልፍ አይገባንም። ኮት ዲቯር በፈረንጅ አቈጣጠር በጥር ወር 2024 የአፍሪካን ዋንጫ በምድሯ ስታስተናግድ፣ በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ከተሸነፈች በኋላ በውድድሩ መካከል አሠልጣኟን ዣን ሉዊ ጋሴን አነሣች፤ በምክትሉ በኤመርስ ፋዬ መሪነትም ዋንጫውን ወሰደች። ታዲያ አሠልጣኝ መለወጥ አይጠቅምም ማለት እንዴት ይቻላል የሚል ሰው ይኖራል። መልሳችን ይህ ነው፤ የተለወጠው ነጂው ነው እንጂ መኪናው አልነበረም። በዚያች አገር አሴክ ሚሞዛ የተባለው ቡድን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ልጆችን ሰብስቦ ኳስንና ቀለምን ጐን ለጐን የሚያስተምርበት ቤት ነበረው፤ የቱሬ ወንድማማቾች የወጡትም ከዚያ ቤት ነው። እንዲህ ያለ መሠረት ያለው ሕዝብ ነጂውን ቢለውጥ ይቀናዋል። ሞተር የሌለውን መኪና ግን ነጂው ቢለዋወጥ አይነሣም።

በሌላ በኩል ሴኔጋልን እናስተውል። አሊዩ ሲሴ ቡድኑን የያዘው በፈረንጅ አቈጣጠር በ2015 ነው። በ2017 ከሩብ ፍጻሜ ወደቀ፤ በ2019 በፍጻሜው በአልጄሪያ ተሸነፈ፤ ሕዝቡም አጕረመረመ። አለቆቹ ግን ታገሡት፤ በየካቲት 2022 ግብፅን በመለያ ምት አሸንፎ ለአገሩ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ አመጣ። በእንግሊዝ አገርም አሌክስ ፈርጉሰን የማንቸስተር ዩናይትድን ቡድን በ1986 ከያዘ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ዋንጫ አላየም፤ በ1989 ተመልካቹ ይሂድልን የሚል ጽሑፍ በጨርቅ ላይ ጽፎ በሜዳው አነሣበት። አለቆቹ ያንን ጨርቅ ሰምተው ቢያባርሩት ኖሮ፣ በኋላ ያመጣቸው 13 የሊግ ዋንጫዎች ባልመጡ ነበር።

ይህን ስንል አሠልጣኝ አይወቀስ ማለታችን አይደለም። ተጫዋች ሲመርጥ ወገን ለይቶ የሚመርጥ፣ ባላጋራውን ሳያጠና ወደ ሜዳ የሚገባ፣ ከሽንፈት በኋላ ሜዳውን፣ ዳኛውንና ዝናሙን ብቻ የሚከስስ አሠልጣኝ ካለ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ የሚከፈለውም ከሕዝብ ገንዘብ ነውና። ነገር ግን አባቶች አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚሉት እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ። በ2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፈን ሳለ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ተቀማን። ካርድ መቍጠርና ደብዳቤ ማንበብ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ ይህም የሚያሳየን ቡድን በሜዳ ብቻ ሳይሆን በጠረጴዛም ላይ እንደሚሸነፍ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጕድለት ግን የሜዳ ነገር ነው። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ስታዲዮሞች በአፍሪካ የእግር ኳስ ማኅበር ዘንድ የሚፈለገውን ደረጃ ስላላሟሉ፣ ቡድናችን በቤቱ ሊቀበላቸው የሚገባውን እንግዶች በሰው ቤት መቀበል ጀመረ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን በጆሃንስበርግ፣ በሰኔ 2014 ግብፅን በማላዊ በሊሎንግዌ፣ በኅዳር 2016 ሴራ ሊዮንን በሞሮኮ በኤል ጃዲዳ፣ በጳጕሜን 2016 ዴሞክራቲክ ኮንጎን በዳሬ ሰላም፣ በመጋቢት 2017 ግብፅን በካዛብላንካ ተቀበልን። የቦሌ ቡልቡላ ነዋሪ ከአይሮፕላን ጣቢያው አጠገብ ስለሚኖር፣ ቡድኑን የጫነው አይሮፕላን በቤቱ ጣራ ላይ አልፎ «ወደ ቤቱ ሊጫወት» ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ያየዋል። እንግዳን በጐረቤት ቤት የሚቀበል ባለ ቤት ምግቡ ቢጣፍጥለት እንኳ ክብሩ ጐደሎ ነው። የሃያና የሠላሳ ሺህ ሰው ድምፅ፣ የለመዱት አየር፣ የአዲስ አበባ ከፍታ፣ እነዚህ ሁሉ ለተጫዋች እንደ ተጨማሪ ሰው የሚቈጠሩ ናቸው። ይህን ሁሉ ያጣ አሠልጣኝ በምን ሚዛን ተመዝኖ ነው ቀለለ የሚባለው?

በዚሁ በቦሌ ክፍለ ከተማ ሥራው በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው፣ 62,000 ሰው እንዲይዝ የታሰበው የአደይ አበባ ስታዲዮም አለ። አደይ አበባ በየዓመቱ በመስከረም ትፈነዳለች፤ በስሟ የተሰየመው ስታዲዮም ግን ከተጀመረ በኋላ ብዙ መስከረሞች አልፈውበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንት አሠልጣኝ እንደ ተለወጠ ከዚህ በላይ ቈጥረናል። አሠልጣኝን ለማሰናበት አንድ ስብሰባና አንድ ደብዳቤ ይበቃል፤ ስታዲዮምን ለመፈጸም ግን ገንዘብ፣ ትጋትና ተጠያቂነት ያስፈልጋል። የቀለለውን አዘውትረን የከበደውን ማቈየታችን ከዚህ የተነሣ ነው።

የልጆች ሜዳም እንዲሁ ነው። ቦሌ ቡልቡላ ትናንት የእርሻና የግጦሽ ምድር ነበር፤ ዛሬ ቤት በቤት ላይ የተሠራበት ሰፊ ሠፈር ሆኗል። ቤት መሠራቱ ደግ ነው፤ ሕዝብ መጠለያ ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ቤት ሲሠራ ለልጅ መሮጫ የሚሆን ስፍራ ካልተከለለ፣ ልጁ ኳሱን በሁለት ሕንፃ መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ሲያንከባልል ያድጋል፤ መስኮት በሰበረ ቍጥርም ይባረራል። ያ ልጅ በሃያ ዓመቱ ብሔራዊ ቡድን ሲጠራ፣ ሰፊ ሜዳን በዓይኑ መመጠን ቢያቅተው የአሠልጣኙ ጥፋት ነውን?

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚል ሰው አሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ለብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የሚሰጠው ውል ከሁለት የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ያላነሰ ዘመን ይሁን፤ በዚያ ዘመን ውስጥ ምን እንደሚጠበቅበት ተዘርዝሮ ለሕዝብ ይገለጽ። ውሉን ካልፈጸመ ምክንያቱ ተጽፎ ይሰናበት፤ ከፈጸመ ግን የአንድ ቀን ሽንፈት አያስነሣው። ሲሄድም የሠራውን ሥራ፣ የተጫዋቾቹን መዝገብና ምክሩን ጽፎ ለተተኪው ያስረክብ። መጽሐፍ ቤቱን ሳያስረክብ የሚወጣ ገበዝ የለም፤ አሠልጣኝም እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ ክለቦቻችን ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት በሚመደብ ገንዘብ የሚኖሩ ስለ ሆኑ፣ ገንዘቡን የሚፈቅዱት ሹማምንት ከዚያ ውስጥ የታወቀው እጅ ለልጆች ማሠልጠኛ ካልዋለ በጀቱን አንፈቅድም ለማለት ሥልጣን አላቸው። ገንዘቡ ሁሉ ለታዋቂ ተጫዋች ዝውውርና ለአሠልጣኝ ማሰናበቻ የሚውል ከሆነ የሕዝብ ገንዘብ በቀዳዳ ከረጢት እንደ ፈሰሰ ይቈጠራል።

ሦስተኛ፣ በቦሌ ቡልቡላም ሆነ በሌሎቹ አዳዲስ ሠፈሮች የመሬት ካርታ ሲነደፍ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ይከለል፤ የተከለለውም ለሌላ ጉዳይ እንዳይተላለፍ ይጠበቅ። የአደይ አበባ ስታዲዮም ሥራም የሚፈጸምበት ቀን ተቈርጦ፣ ያልተፈጸመ እንደ ሆነ ስለ ምን እንዳልተፈጸመ ኀላፊው ወጥቶ ለሕዝብ ይናገር።

አራተኛ፣ ቃላችን ለተመልካቹ ነው። መቃወም መብት ነው፤ መሳደብ ግን መብት አይደለም። አሠልጣኙ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ በሠፈር የሚኖር፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ከእኛ ጋር የሚቆም ሰው ነው። በስታዲዮም እናቱን አንሥቶ የሚሰድበው ወጣት አገሩን አያከብርም፤ ራሱን ያዋርዳል እንጂ። ካህናትና መምህራንም ወጣቶች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ አንደበት ሲያስተምሩ የስታዲዮሙን አንደበት ባይዘነጉ ደግ ነው፤ ምላስ በአጥር ውስጥ የምትጠበቀው በዓውደ ምሕረት ብቻ አይደለምና። ተመልካቹ ድምፁን ባያጠፋው እንወዳለን፤ ግን አቅጣጫውን ያስተካክል። አሠልጣኙ ይነሣ ብሎ በሚጮኽበት ጕልበት ስታዲዮሙ መቼ ያልቃል፤ የልጆቹ ሜዳ የት ሄደ፤ ገንዘቡ በምን ላይ ዋለ ብሎ ቢጠይቅ፣ መልስ ሊሰጠው የሚገባው ሰው ወንበሩ ላይ እንዳለ ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልም።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ መውደቃችን ከታወቀ በኋላ፣ ያው ቡድን ዴሞክራቲክ ኮንጎን በገዛ ሜዳዋ በኪንሻሳ 2 ለ 1 አሸነፈ። ይህ ድል ወደ ውድድሩ አላደረሰንም፤ ነገር ግን በልጆቹ ውስጥ ያለው ኀይል እንዳልጠፋ መሰከረ። ኀይሉን በጊዜው እንዳይታይ የሚያደርገው የሥርዓት ማጣት ነው። ሥርዓትንም የሚሠራው አንድ ሰው በሁለት ወር ውስጥ ሳይሆን፣ ብዙ ሰው በብዙ ዓመት ተያይዞ ነው።

የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። እኛ ግን ዐሥር ዓመት ሙሉ ስናፈስስ ስንለቅም ኖረናል። ከእንግዲህ ወዲህ፣ የሚመጣው አሠልጣኝ ማንም ይሁን ማን፣ የምንሰጠው ወንበር ብቻ እንዳይሆን፤ ሜዳ፣ ተተኪ ልጅና ጊዜ ሰጥተን ከዚያ በኋላ ሥራውን እንጠይቀው። ያን ጊዜ ባይሠራ ወቀሳችን እውነተኛ ፍርድ ይሆናል፤ ቢሠራም ምስጋናችን የእርሱ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ይሆናል።